የመኪና ማንጸባረቂያ መሣሪያ ከገመድ የተላቀቀበት ታሪክ

የእጅ መሣሪያዎች አንድ በአንድ ከኤሌክትሪክ ገመድ እየተላቀቁ በባትሪ ኃይል መሥራት በጀመሩበት ዘመን፣ መሰርሰሪያውና ብሎን መፍቻው፣ ቀጥሎም መጋዙ አስቀድመው ነጻ ሲወጡ፣ የመኪናን ቀለም የሚያንጸባርቀው፣ በባለ ሙያዎቹ አነጋገር ፖሊሸር የሚባለው መሣሪያ ግን ብዙ ዘመን ከግድግዳ ሶኬት ጋራ እንደ ታሰረ ቆየ። የመዘግየቱ ምክንያት በሥራው ጠባይ ውስጥ የተሰወረ ስለ ሆነ፣ ዛሬ በገበያ ላይ የሚታየው ባለ ባትሪ ፖሊሸር በእውነት ለሥራ ይበቃ እንደ ሆነ ለመፍረድ የሚሻ ሰው፣ አስቀድሞ ይህን ጥበበ እድ ከጥንቱ ጀምሮ ሊመረምር ይገባዋል።

አውቶሞቢል ገና ብርቅ በነበረበት በ19ኛው ምዕት ዓመት ፍጻሜና በ20ኛው መባቻ፣ የመኪና አካል ይቀባ የነበረው ሠረገላ ሠሪዎች ከአበው በወረሱት ሥርዓት ነበረ። በተልባ ዘይትና በዛፍ ሙጫ የተሰናዳው ቀለምና ቫርኒሽ በብሩሽ ይቀባል፣ አቧራ በማይገባበት ክፍል ውስጥ ለቀናት ቆሞ ይደርቃል፣ ከዚያም በደቀቀ የእሳተ ገሞራ ድንጋይና በውሃ ታሽቶ ይለሰልሳል፣ እንደ ገናም ሌላ ቅብ ይደረብበታል፤ ይህም እየተመላለሰ እስኪፈጸም ድረስ ለአንድ መኪና ሳምንታት ይፈጅ ነበር። የመጨረሻውን ክብር የሚሰጠው ሰም ሲሆን፣ ከሰሞችም ሁሉ የተመረጠው በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ከሚበቅለው፣ ካርናውባ ከተባለው የዘንባባ ዓይነት ቅጠል ላይ የሚገኘው ነው፤ እርሱም የሚቀልጠው ሙቀቱ ከ80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያልፍ በመሆኑ፣ መኪናው ፀሐይ ላይ ቆሞ ቢግልም ሰሙ ጸንቶ ይኖራል። መሣሪያውም ጨርቅና የሰው ክንድ ብቻ ነበረ።

ይህን ሥርዓት የለወጠው ኬሚስትሪ ነው። ዱፖንት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1923 ዱኮ ብሎ የሰየመውን የናይትሮሴሉሎስ ላከር ለገበያ ሲያቀርብ፣ ጄኔራል ሞተርስም ኦክላንድ በተባለው መኪናው የ1924 ሞዴል ላይ ይህንኑ ቀለም በሰማያዊ ኅብር ረጭቶ ባወጣ ጊዜ፣ ሳምንታት ይፈጅ የነበረው የቀለም ማድረቅ ሥራ ወደ ሰዓታት ወረደ። ነገር ግን ዱኮ ፈጥኖ መድረቅን እንጂ ነጸብራቅን በራሱ አላመጣም፤ ከተረጨ በኋላ ገጹ ፈዘዝ ብሎ ስለሚቀር፣ ዛሬ ኮምፓውንድ በምንለው የሚሞርድ ቅባት ካልታሸ አያበራም፤ ፀሐይ ላይ ሲከርምም ላዩ እየነጣ ይደበዝዛልና ደጋግሞ መታሸትን ይሻል። ስለዚህ የቀለም ቀቢው ድካም ባጠረ መጠን የአንጸባራቂው ድካም እየበዛ ሄደ፤ እኔ እንደሚመስለኝ የፖሊሽ ሥራ ራሱን የቻለ ሙያ ለመሆን የበቃው ከዚህ የተነሣ ነው።

ክንድን በሞተር የመተካቱ መንገድ በዚያን ጊዜ አስቀድሞ ተጠርጎ ነበር። በጀርመን አገር፣ በሽቱትጋርት ከተማ የፋይን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1895 በእጅ የሚያዝ የኤሌክትሪክ መሰርሰሪያ ሠርቶ ነበር፤ በአሜሪካም የብላክ ኤንድ ዴከር መሥራቾች ዱንካን ብላክና አሎንዞ ዴከር በ1917 የሽጉጥ እጀታና ቃታ ላለው መሰርሰሪያ የፈጠራ መብት ተቀብለው ነበር። በሚሽከረከር ሞተር ጫፍ ላይ ክብ የበግ ጠጉር አስሮ መኪና ማሸት ከዚህ የራቀ እርምጃ አልነበረም። ይሁን እንጂ የዚህ ማሽን ኃይል የሚያስፈራ ነው፤ በአንድ ቦታ ላይ ጥቂት ቢዘገይ ሰበቃው ቀለሙን ያግለዋል፣ በበርና በኮፈን ጠርዝ ላይ ቀለሙን ጨርሶ እስከ ስቱኮው ይወርዳል፣ እጁ ያልተፈተነ ሰው ሲይዘውም በፀሐይ ብርሃን ብቻ የሚታይ ክብ ክብ ጭረት ትቶ ያልፋል። ከ1980ዎቹ ወዲህ በቀለሙ ላይ ግልጽ ሽፋን መደረብ የተለመደ ሲሆን ደግሞ ጥንቃቄው በዛ፤ ያ ሽፋን ውፍረቱ ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ገደማ ብቻ ነውና፣ እያንዳንዱ ማንጸባረቅ ከዚህ ጥቂት ሀብት ላይ ጥቂት ማይክሮን ይወስዳል። ለዚህ መፍትሔ ሆኖ የመጣው እየዞረ የሚወዛወዝ ፖሊሸር ነው፤ በ1947 የተመሠረተው የኢጣልያው ሩፔስ የመወዛወዙን ስፋት ወደ 15ና ወደ 21 ሚሊ ሜትር ከፍ ባደረገ ጊዜ፣ ሙቀቱ ሳይበዛ ሰፊ ገጽ የሚሸፍን ማሽን ተገኘ።

ባትሪውስ ከወዴት መጣ? ስዊድናዊው ቫልደማር ዩንግነር የኒኬል ካድሚየምን ባትሪ እ.ኤ.አ. በ1899 ፈጥሮ ነበር፤ ብላክ ኤንድ ዴከርም በ1961 ገመድ አልባ መሰርሰሪያ ያወጣው በዚሁ በኒኬል ካድሚየም ነው። ከዚያ 10 ዓመት በኋላ፣ በ1971፣ የአፖሎ 15 ጠፈርተኞች በባትሪ መሰርሰሪያ የጨረቃን ምድር ቆፈሩ። በጨረቃ ላይ ለመቆፈር የቻለ ጥበብ በምድር ላይ አንድ ኮፈን ማንጸባረቅ ለምን ተሳነው ቢባል፣ ልዩነቱ በሥራው ርዝመት ነው። መሰርሰሪያ ቃታው ለጥቂት ሰከንድ ተስቦ ይለቀቃል፤ ሠራተኛው ሌላውን ቀዳዳ እስኪለካ ድረስ ባትሪውም ሞተሩም ያርፋሉ፤ ፖሊሸር ግን እህሉ እስኪያልቅ እንደማይቆም ወፍጮ፣ ስፖንጁ ገጹን ተጭኖ እየተጎተተ፣ ያለ ዕረፍት ኃይል ይበላል። ለእንዲህ ያለው ሥራ የኒኬል ካድሚየም ባትሪ ከበድ ብሎ ሳለ የሚይዘው ኃይል እጅግ ጥቂት ነበር።

ሶኒ እ.ኤ.አ. በ1991 የሊትየም አዮንን ባትሪ ለገበያ አቀረበ፤ ሚልዋኪና ማኪታም በ2005 ወደ እጅ መሣሪያዎች አገቡት። ለዚህ ግኝት መሠረት የጣሉት ጆን ጉድኢናፍ፣ ስታንሊ ዊቲንግሃምና አኪራ ዮሺኖ በ2019 የኖቤልን ሽልማት ሲቀበሉ ጉድኢናፍ የ97 ዓመት ሽማግሌ ነበሩ። የካርቦን ብሩሽ የሌለው ሞተርም በተጨመረ ጊዜ፣ በሰበቃ ይባክን የነበረው ኃይል ስለ ተረፈ፣ ባለ ባትሪው ፖሊሸር በመጨረሻ ከሶኬቱ ተላቀቀ።

ከተላቀቀ በኋላ ይበቃል ወይ የሚለውን ግን ሒሳቡ ይመስክር። በብዛት የሚሠራበት ባትሪ 18 ቮልትና 5 አምፔር ሰዓት ነው፤ ሲባዛ 90 ዋት ሰዓት ይሆናል። ፖሊሸሩ በጭነት ላይ ሳለ 300 ዋት ቢበላ፣ ይህ ባትሪ 18 ደቂቃ ሠርቶ ያልቃል ማለት ነው። ፈጣን የሚባለው ቻርጀር ደግሞ ይህን ባትሪ ለመሙላት 45 ደቂቃ ገደማ ይፈልጋል፤ ስለዚህ አንዱ እስኪሞላ ሁለት ባትሪ ተኩል ይበላል፣ ሥራው ሳይቋረጥ እንዲቀጥልም አንድ ቻርጀር ፈጽሞ አይደርስበትም። በጥልቅ ጭረት የተጎዳ መኪና በሙሉ በኮምፓውንድ ተሞርዶ፣ ቀጥሎም በለስላሳ ፖሊሽ ተስተካክሎ እስኪያልቅ ቀኑን ሙሉ የሚወስድ ስለ ሆነ፣ ለዚህ ሥራ ገመድ ያለው ማሽን ዛሬም ጌታው ነው፤ ባለ ባትሪውን ብቻ ይዞ ወርክሾፕ የሚከፍት ሰው ከመኪናው ይልቅ ባትሪ ሲጠብቅ ይውላል።

ነገር ግን የገመድ አለመኖር ተራ ምቾት ነው የሚሉትን አልቀበልም። ኮፈን የሚያሸውን ሠራተኛ ቀርቦ ያየ ሰው ገመዱን በትከሻው ላይ አሳልፎ ከጀርባው ሲጎትተው ይመለከታል፤ ክንዱን ወደ መስታወቱ በዘረጋ ቁጥር ገመዱ ይወርድና አሁን የተወለወለውን ቀለም ይነካል፣ ከወለሉ ያነሣው አሸዋ ካለም አዲስ ጭረት ያሰምርበታል። በበር እጀታ ዙሪያ፣ በስፖኪዮ ሥርና በመከላከያው ጎድጓዳ ቦታዎች ደግሞ ትልቁ ማሽን አይገባም፤ በዚያ ትንሽ ስፖንጅ ያለው ባለ ባትሪ ማሽን ጥቂት ሰከንድ ሠርቶ ያርፋልና፣ የመሰርሰሪያን ጠባይ ይዞ ባትሪውን ይቆጥባል። ሰም ለመቀባትና ለመጨረሻው ለስላሳ ዙርም ጭነቱ ቀላል ስለ ሆነ ይበቃል። ከ600 ግራም የማያንሰው የባትሪው ክብደት በበር ጎን ላይ ክንድን ማድከሙ ግን አይካድም።

ለእኛ አገር ነገሩ ሌላ ገጽ አለው። በአዲስ አበባ፣ ዳግማዊ ምኒልክ በኛ አቆጣጠር በ1900 ዓ.ም. መኪና ከተቀበሉ ወዲህ፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ባለው ከፍታ የሚበረታው ፀሐይና የመንገዱ አቧራ የመኪናን ቀለም ሲፈትን ኖሯል። ሶኬት ያለው ላቫጆና ባትላሜራ ቤት መብራት ሲጠፋ ይቆማል፤ በመንገድ ዳር ባልዲና ጨርቅ ይዞ የሚያጥበው ወጣት ግን ከመጀመሪያውም ሶኬት ስለሌለው ማሽን አያውቅም። አራት ባትሪ ሌሊት በቤቱ ሞልቶ ቢወጣ፣ በዚያው ሒሳብ 72 ደቂቃ የማሽን ሥራ ይኖረዋል፤ ይህም ለአንድ ትንሽ መኪና ቀለል ያለ አንድ ዙር ፖሊሽ ይበቃዋል። አሁን የሚያግደው የአራቱ ባትሪዎች ዋጋ ነው፤ በዚህ አገር ባለ ባትሪው ፖሊሸር ይረባ እንደ ሆነ መጠየቅ የሚገባውም ከባለ ወርክሾፑ ይልቅ ይህ ወጣት ነው።