ፉከራ በሸክላ፤ ከጉር አምባ እስከ ሎስ አንጀለስ

ከጎንደር ወደ ደቡብ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ አዘዞ የደረሰ መንገደኛ መንገድ ይከፋፈልበታል። አንዱ ወደ ባሕር ዳር፣ አንዱ ወደ መተማ፣ ሌላው በቆላድባ አድርጎ ወደ ጎርጎራ ይወስደዋል። ይህ የጎርጎራው መንገድ የደምቢያን ሜዳ ይሰነጥቃል፤ ጉር አምባም የዚያው የደምቢያ አገር ናት። በኅዳር 1845 ዓ.ም. የቋራው ካሳ ኃይሉና የጎጃሙ ደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ የተፋለሙባት ናት።

ከውጊያው በፊት የደጃች ጎሹ አዝማሪ ማሲንቆውን አንሥቶ ካሳን ሰደበ። ሽፍታው ወሬ እንጂ ውጊያ አያውቅም፣ ውረድና ያዘው እያለ ጌታውን አሞቀ። ቀኑ ግን ለካሳ ሆነ። ጎሹ ወደቁ፤ ጦራቸው ተፈታ፤ አዝማሪውም ተማረከ። ካሳ ፊት ቀርቦ ምን ብሎ እንደሰደበ ሲጠየቅ የገዛ አፉን የሚረግም ግጥም እዚያው ደረደረ ይባላል። ግጥሙ ያማረ ነበር፤ ነፍሱን ግን አላተረፈለትም። በሽመል ተደብድቦ ሞተ። ከሁለት ዓመት በኋላ ካሳ ደረስጌ ማርያም ላይ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ።

ይህን የግጥምና የፉከራ ታሪክ የማነሣው ከእሱ ጋር ስለሚዛመድ አንድ የአሜሪካ አልበም ልጽፍ ስለሆነ ነው። አይስ-ቲ የተባለው ራፐር የመጀመሪያ የስቱዲዮ አልበሙን «ራይም ፔይስ»ን ያወጣው ሐምሌ 21 ቀን 1979 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁላይ 28 ቀን 1987) ነው። ርእሱ በእኛ አፍ «ግጥም ያበላል» እንደማለት ነው። ጋንግስታ ራፕ የሚባለውን ዘርፍ በአልበም ደረጃ መሠረት ካስያዙት ሥራዎች አንዱ ይኸው ነው። እኛ አገር ብዙ ሰው ይህን ሙዚቃ የሚያውቀው ከኋለኞቹ ከቱፓክና ከስኑፕ ነው፤ ፉከራው ግን ከዚያ በፊት ተጀምሯል።

ሰውየው ትክክለኛ ስሙ ትሬሲ ማሮው ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 ኒውጀርሲ ውስጥ ተወለደ። እናቱም አባቱም በልጅነቱ ሞተውበት ሎስ አንጀለስ ዘመድ ቤት አደገ። ከዚያ ወታደር ሆነ፤ አራት ዓመት አገልግሏል፣ የተመደበውም ሃዋይ ነበር። የሸክላ ማጫወቻ ዕቃውን የገዛው እዚያ፣ በደመወዙ ነው። አዘዞ የጦር ካምፕ ያለባት ናትና፣ የአዘዞ ሰው ይህን ታሪክ ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም። ካምፕ አጠገብ ያደገ ልጅ ወታደር በደመወዙ ቀን ምን እንደሚገዛና ሲመሽ የት እንደሚያመሽ ያውቃል።

ከሠራዊቱ ሲሰናበት ወደ ጎዳናው ተመለሰ። በዚያ ዘመን ከሌብነትና ከዘረፋ ጓደኞች ጋር መዋሉን ራሱ አይደብቅም። ከዚያ የፊላደልፊያው ስኩሊ ዲ እ.ኤ.አ. በ1985 ያወጣው ዘፈን ጆሮው ገባ። ስኩሊ ዲ የሠፈሩን ወሮበላ ቡድን ስም በዘፈን ጠርቶ ፎክሮ ነበር። አይስ-ቲም በዓመቱ «ሲክስ ኢን ዘ ሞርኒን» የተሰኘውን ዘፈን ሠራ። ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ፖሊስ በር ያንኳኳል፤ ተራኪው በጓሮ ያመልጣል፤ ከተማውን ሲዞር ይውላል፤ ይታሰራል፤ ይፈታል፤ ሲወጣ ነገሩ እንደነበረ ይጠብቀዋል። ሙዚቃው ከበሮ ብቻ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የሚያስኬደው ትረካው ነው። መጀመሪያ ነጠላ ሸክላ ላይ፣ ያውም በጀርባው ገጽ ወጥቶ ከፊተኛው ገጽ በለጠ፤ በኋላ አልበሙ ውስጥ ገባ።

የጎንደር ሰው እንዲህ በግጥም የሚነገር ጀብዱ ሰርግ ቤት ያውቀዋል። አዝማሪው ማሲንቆውን ደረቱ ላይ አስደግፎ መሐል ይቆማል። አንዱ እንግዳ ብድግ ይልና «ተቀበል!» ይለዋል። አዝማሪው «አቤት» ይላል፤ እንግዳው ስንኙን ይወረውራል፤ አዝማሪው ዜማ አልብሶ ለታዳሚው ይመልሰዋል። ከዚያ ብሩ ግንባሩ ላይ ይለጠፋል። ጀግንነቱ የእንግዳው ወይም የአባቱ ነው፣ ስንኙም አንዳንዴ የእንግዳው ነው፤ አዝማሪው ድምፁን ያከራያል። ጎንደር አካባቢ እንደ ቡርቧክስ ያሉ የአዝማሪ መንደሮች ሞያውን ከአባት ለልጅ ሲያወርሱ የኖሩት በዚህ ውል ነው። ፉከራ ግን ሌላ ነው። ፎካሪው ራሱ ገዳይ ነው፤ ጎራዴውን እያወዛወዘ የራሱን ግዳይ ይቆጥራል።

አይስ-ቲ ሁለቱን በአንድ ሰው አገናኘ፤ ገዳይ ነኝ ባዩም እሱ፣ አዝማሪውም እሱ። ግንባር ላይ ብር የሚለጥፍለት ጌታ ደግሞ በዋርነር ሥር የነበረው ሳየር የተባለ የሙዚቃ ኩባንያ ሆነ። አልበሙ በቢልቦርድ ሠንጠረዥ ከ93ኛ በላይ አልወጣም። ሬዲዮ ጣቢያዎች ሸሽተውታል። ግን ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ የወርቅ ሽልማት የሚያሰጠውን ግማሽ ሚሊዮን ቅጂ ደረሰ። የወላጆች ማስጠንቀቂያ ከተለጠፈባቸው የመጀመሪያዎቹ የራፕ አልበሞችም አንዱ ሆነ። አልበሙ በወጣበት ዓመት እኛ ዘንድ የዘፈን ግጥም ሳንሱር ሳያልፍ ካሴት ላይ አይወጣም ነበር። እዚያ ማስጠንቀቂያ ተለጥፎበት ይሸጥ ነበር፤ እዚህ ሰም ተቀብቶ ያልፍ ነበር። ለጥበቡ የትኛው እንደሚሻል መከራከር ይቻላል፤ እኔ ግን ሳንሱርን አልናፍቅም።

እኛም ፉከራን ሸክላ ላይ ያስቀመጠ ሰው አለን። ጌታቸው መኩሪያ ሽለላን በሳክስፎን መጫወት የጀመረው ወጣት ሳለ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1972 ባወጣው ሸክላው «የኢትዮጵያ ሳክስፎን ንጉሥ» ተባለ። የአንበሳ ጎፈር ለብሶ መድረክ ላይ ሲንጎማለል ያየ ሰው ቃል ሳይኖር መፎከር እንደሚቻል ያምናል። እ.ኤ.አ. በ2016 እስካረፈበት ጊዜ ድረስ በአውሮፓ መድረኮች ጭምር ያንኑ ሽለላ ሲነፋ ኖሯል። በአማርኛ የሚራፑት፣ እነ ቴዲ ዮና ልጅ ሚካኤል፣ የመጡት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ወደ ጉር አምባው አዝማሪ ልመለስ። እሱን የገደለው ስድቡ ብቻ አይደለም፤ ጌታው መሸነፉ ነው። ጎሹ ቢያሸንፉ ኖሮ ያው ግጥም በቅሎና ሸማ ባስገኘለት ነበር። አይስ-ቲም ይህን ቀምሷል። እ.ኤ.አ. በ1992 ቦዲ ካውንት ከተባለው የሮክ ባንዱ ጋር ፖሊስን ስለሚገድል ሰው የሚያወራ ዘፈን አወጣ። የፖሊስ ማኅበራት የታይም ዋርነርን ምርት እንዳትገዙ ብለው ተነሡ፤ ፕሬዚዳንት ቡሽ ሳይቀሩ አወገዙ። ጌታው ሲናወጥ ዘፋኙ ዘፈኑን ራሱ ከአልበሙ አወጣ፤ በማግሥቱ ዓመትም ከኩባንያው ተለያየ። ግን በሽመል የደበደበው የለም። እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ በአንድ የቴሌቪዥን ድራማ መርማሪ ፖሊስ ሆኖ ሲተውን ይኖራል።

አልበሙን ድንቅ ነው ብዬ ለማንም አላሞግስም። ግማሹ የጭፈራ ቤት ጉራ ነው፤ ስለ ሴቶች የሚለውም ያሳፍራል። በዓመቱ የተከተለው «ፓወር» በአሠራርም በአሳብም ይበልጠዋል። ከ«ራይም ፔይስ» ግን ያን ከንጋቱ 12 ሰዓት የሚጀምረውን ትረካ ለይታችሁ ስሙት፤ የሸክላውን ስም ዛሬም የሚያስጠራው እሱ ነው።