ከአንበሳ ጠባቂነት እስከ ዶልፊን አሠልጣኝነት

በቂርቆስና በካዛንቺስ ያደግን ልጆች ሁላችን ከአፍሪካ አዳራሽ ፊት ለፊት ያለውን ቤተ መንግሥት እናውቀዋለን። ይህ ቤተ መንግሥት በ1948 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ የጫኑበት 25ኛ ዓመት ሲከበር የተሠራ ስለ ሆነ «ኢዮቤልዩ» ተባለ። በግቢውም አንበሶችና አቦ ሸማኔዎች ይኖሩ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋናቸው የወረዱት በዚሁ ስፍራ ነው። ስለ ንጉሡ፥ ስለ እንግዶቻቸውና ስለ አንበሶቻቸው ብዙ ተጽፏል፤ ሥጋ እየቆረጠ ስላበላቸውና ሲታመሙ ስላስታመማቸው ሰው ግን የተጻፈው ጥቂት ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የዚያን ሰው ሙያ ታሪክ በአጭሩ ልንመረምር አሰብን።

በአገራችን አውሬን ማላመድ እንግዳ ነገር አይደለም። በሐረር ከግንቡ ውጭ ማታ ማታ ጅብን በየስሙ እየጠሩ ሥጋ የሚያጎርሱ ሰዎች አሉ። ጅቡ የሚመጣው ታስሮ ወይም ተገርፎ ሳይሆን፥ ከጥሪው በኋላ ምግብ እንዳለ ስለሚያውቅ ነው። ይህ ጥበብ ግን ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ እንጂ በትምህርት ቤት የሚሰጥ አልነበረም።

በሌላው ዓለም በተለይ በሰርከስ ቤት የአውሬ አሠልጣኝ መሣሪያ ለብዙ ዘመን አለንጋ ነበር። ይህን ልማድ ለመለወጥ ትልቅ ምክንያት የሆኑት በባሕር የሚኖሩ አጥቢ እንስሳት ናቸው፤ እነርሱም ዶልፊንና ፈረንጆች «የባሕር አንበሳ» ብለው የሰየሙትን የመሳሰሉ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1938 በአሜሪካ በፍሎሪዳ «ማሪን ስቱዲዮስ» የተባለ የባሕር እንስሳት ማሳያ ተከፈተ፤ በኋላም አዶልፍ ፍሮን የተባለ የሰርከስ ባለሙያ በዚያ ፍሊፒ የሚባል ዶልፊን አሠለጠነ። እ.ኤ.አ. በ1963 ደግሞ ካረን ፕራየር የምትባል ሴት በሃዋይ የሥነ ልቡና ሊቁን የስኪነርን ትምህርት በዶልፊኖች ላይ በሥራ ማዋል ጀመረች።

ዶልፊንን በገመድ ጎትቶ ወይም በአለንጋ መትቶ ማስታዘዝ አይቻልም፤ ቢከፋው ዋኝቶ ይሄዳልና። ስለዚህ አሠልጣኞቹ ፊሽካና ዓሣ ያዙ። እንስሳው የተፈለገውን ባደረገበት ቅጽበት ፊሽካ ይነፋል፤ ወዲያው ዓሣ ይሰጠዋል። ፊሽካው «አሁን ያደረግኸው ልክ ነው» የሚል ቃል ሆነለት ማለት ነው። ቢሳሳትም አይመታም፤ አሠልጣኙ ለጥቂት ጊዜ ፊቱን ያዞርበታል እንጂ።

ይህ ዘዴ ለትርኢት ብቻ አልቀረም። ዛሬ የሠለጠነ ዶልፊን ጅራቱን ዘርግቶ ያለ ማደንዘዣ ደም ያስቀዳል፤ በልዩ ልዩ አገር አንበሶችም ጅራታቸውን በፍርግርጉ በኩል ለሐኪሙ ይሰጣሉ። ሙያው ግን ነቀፋና አደጋ አላጣውም። እ.ኤ.አ. በ2010 በኦርላንዶ ከተማ ኦርካ የተባለው ታላቅ የባሕር እንስሳ አሠልጣኙን ገደለ፤ ያቆየው ድርጅት ሲ ወርልድም በ2016 ኦርካ ማራባቱን እንደሚተው አስታወቀ። ከዚህም የምንማረው፥ አንድን እንስሳ ማሠልጠን መቻላችን ብቻ በጠባብ ስፍራ ለማቆየት መብት እንደማይሰጠን ነው።

አሁን ወደ ከተማችን እንመለስ። የስድስት ኪሎው አንበሳ ግቢ የተቋቋመው በ1940 ዓ.ም. ገደማ ነው። በ1999 ዓ.ም. በቦታና በገንዘብ እጥረት ምክንያት ደቦሎች በመርዝ እንደሚገደሉ ተሰማ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፥ እ.ኤ.አ. በ2012፥ ሊቃውንት የ15 አንበሶችን ደም መርምረው የግቢው አንበሶች ከሌሎች የአፍሪካ አንበሶች በዘር የተለዩ መሆናቸውን ገለጡ። እንግዲህ በመርዝ ሲያልቅ የነበረው የአገር ቅርስ ነበር! ጉድለቱም የገንዘብ ብቻ ሳይሆን የዕውቀትም ነበር እንላለን፤ የያዘውን ነገር ዋጋ የሚያውቅ ሰው ሊያድነው መላ ይፈልጋልና።

በመስከረም 2012 ዓ.ም. ከካዛንቺስ በላይ በታላቁ ቤተ መንግሥት አንድነት ፓርክ ተከፍቶ አንበሶች ለሕዝብ መታየት ጀምረዋል። ኢትዮጵያ ዛሬ የባሕር ጠረፍ ባይኖራትም የዶልፊን አሠልጣኞች ዕውቀት ለነዚህ አንበሶች ይጠቅማል። መማር ለሚፈልግም መንገድ አለ፤ በቢሾፍቱ የእንስሳት ሕክምና ይሰጣል፤ በታንዛንያም እ.ኤ.አ. በ1963 የተመሠረተው የምዌካ ኮሌጅ የዱር አራዊት አጠባበቅን ለአፍሪካ ልጆች ያስተምራል።

ከመካከላችን ሐኪም፥ መሐንዲስ ወይም አብራሪ ለመሆን የሚመኘው ብዙ ነው። «እኔ አንበሳ ጠባቂ እሆናለሁ» የሚል ተማሪ ቢነሣ ግን ጓደኞቹ አይሳቁበት፤ ወላጆቹም አይከልክሉት። በርትቶ ይማር፤ የሚቀጥለው የታሪክ ጸሐፊም ከአንበሶቹ ጋር የእርሱን ስም ይጻፍለት።