ፉሪ ላይ ያልደረሰው ማርሽ

ብስክሌት አዲስ አበባ ውስጥ ለምን የሠርክ መጓጓዣ ሳይሆን እንደቀረ ለሚጠይቅ ሰው መልሱ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል፤ «ከተማው ዳገት ነው» ይሉታል። መልሱ እንዲሁ የሚጣል አይደለም። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ 2,330 ሜትር ገደማ ላይ ተዘርግቷል፤ ወደ ደቡብ ሲኬድ አቃቂ 2,100 ሜትር አካባቢ ይወርዳል። በደቡብ ምዕራብ በኩል ግን መሬቱ መልሶ ይነሣና በፉሪ ተራራ ከ2,800 ሜትር ያልፋል፤ የማሰራጫ ማማ የተተከለበትም በዚሁ ከፍታው ነው። ከተራራው ግርጌ ተነሥቶ በለቡ ወይም በጀሞ አድርጎ መሀል ከተማ የሚገባ ሰው ሽቅቡንም ቁልቁለቱንም በአንድ ጉዞ ያገኛቸዋል። ይህን ሁሉ ተቀብዬም፣ ዳገቱ ብቻውን ጥፋተኛ ነው የሚለውን ፍርድ አልቀበልም። ዳገትን ለሠራተኛ ሰው እንዲያቀል ተብሎ የተሠራ ጠንካራ ማርሽ በዓለም ላይ ከመቶ ሃያ ዓመት በላይ ኖሯል። ወደ እኛ የመጣው ብስክሌት ግን ለሁለት ተከፍሎ መጣ፤ ባለ ማርሹ ለውድድር፣ ማርሽ የሌለው ለሥራ። ለሥራ የሚሆነው ባለ ማርሽ ብስክሌት በመካከል ቀረ። ፉሪን ከብስክሌት ያራቀው ከዳገቱ ይልቅ ይህ ክፍተት ነው።

ያ ማርሽ ከውጭ አይታይም፤ የተደበቀው በኋላው ጎማ ሞዞ ውስጥ ነው። እንግሊዝ አገር፣ ሳልፎርድ፣ ዊልያም ራይሊ የተባለ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1896 ለባለ ሁለት ፍጥነት ሞዞ የፈጠራ መብት አወጣ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ባለ ሦስት ፍጥነቱንም ነደፈ። ነገር ግን ከቀድሞ ኩባንያው ጋር የገባው ውል ወደፊት የሚፈጥረውን ሁሉ አስቀድሞ ያሰረበት ስለነበር፣ የብስክሌት ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚሉት፣ የአዲሱ ሥራ መብት በባልደረባው በጄምስ አርቸር ስም ወጣ። ሄንሪ ስተርሚ የተባለ የብስክሌት ጋዜጠኛም የራሱን ንድፍ ይዞ ብቅ አለ። ሁለቱን ያገናኛቸው የኖቲንግሃሙ የራሌ ፋብሪካ ባለቤት ፍራንክ ቦውደን ነበር፤ ሞዞውም ስተርሚ አርቸር ተብሎ ገበያ ወጣ። የዋናው ባለሙያ የራይሊ ስም ከብረቱ ላይ ሳይሰፍር ቀረ፤ እንዲህ ያለው ነገር በባለ እጅና በባለ ገንዘብ መካከል የትም አገር የሚደርስ ነው። የጀርመኑ ፊሽቴል ኡንድ ዛክስ በቶርፔዶ ሞዞዎቹ በዚያው ዘመን ተከተለ። ከሁሉ የበለጠ የሰነበተው ግን ኤ ደብልዩ የተባለው የስተርሚ አርቸር ሞዞ ነው። የወጣው እ.ኤ.አ. በ1936፣ የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ በገባበት ዓመት ሲሆን፣ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2000 ወደ ታይዋን ባለቤቶች ከተዛወረ በኋላም መሠረታዊ አሠራሩ በገበያ ላይ አለ። በመኪናም በብስክሌትም ታሪክ እንዲህ ዕድሜ የጠገበ ማርሽ ብዙ አይገኝም።

ሲከፈት ውስጡ ያስፈራል፤ ስሌቱ ግን የአራተኛ ክፍል ሒሳብ ነው። መሀል ላይ ከማይዞረው ፔርኖ ጋር አንድ የሆነ ባለ 20 ጥርስ ብረት አለ፤ ፀሐይ ይሉታል። በዙሪያው አራት ትንንሽ ፕላኔቶች ይሽከረከራሉ፤ እነዚህም እያንዳንዳቸው 20 ጥርስ አላቸው። ሁሉንም 60 ጥርስ በውስጥ በኩል የተቆረጠለት ቀለበት ይከባቸዋል። ካቴናው ቀለበቱን ሲነዳና ጎማው ከፕላኔቶቹ ጋር ሲታሰር፣ ካቴናው የሚነዳው ጥርስ አራት ጊዜ ሲዞር ጎማው ሦስት ጊዜ ብቻ ይዞራል፤ የዳገቱ ማርሽ ይህ ነው። ነገሩ ሲገለበጥ ሦስቱ ዙር አራት ይሆንና ለቁልቁለትና ለሜዳ ያገለግላል። በሁለተኛው ማርሽ ኃይሉ በፕላኔቶቹ በኩል አይሄድም፤ ጎማው እንደ ተራ ብስክሌት በቀጥታ ይነዳል። ይህን ወደ ፉሪ መንገድ እናምጣው። ባለ 28 ኢንች ጎማ የሥራ ብስክሌት ፊት ለፊት 44፣ ከኋላ 18 ጥርስ ቢኖረው፣ በአንድ ሙሉ የፔዳል ዙር 5.4 ሜትር ያህል ይሄዳል። ሰውየው ከነብስክሌቱ 90 ኪሎ ቢመዝንና መንገዱ በየመቶ ሜትሩ 6 ሜትር ቢነሣ፣ ነፋሱንና ሰበቃውን ትተን፣ ፔዳሉ ላይ ያለማቋረጥ ወደ 27 ኪሎ ክብደት መጫን አለበት። ይህን ጥቂት ደቂቃ የሚችል ብዙ ነው፤ ሥራ ቦታው ድረስ የሚችል ግን ጥቂት ነው። የኋላውን ጥርስ ወደ 22 ቀይረን ሞዞውን አንደኛ ላይ ብናደርገው፣ አንዱ ዙር 3.3 ሜትር ይሆንና ጫናው ወደ 16 ኪሎ ተኩል ይወርዳል። ቁመቱ አልተቀነሰም፤ ሥራው በዝግታ ተከፋፈለ እንጂ። ማጋነን ግን አያስፈልግም። ዳገቱ በመቶ ሜትር 10 ሜትር በሆነበት ቦታ ይኸው አንደኛ ማርሽ እንኳ ወደ 28 ኪሎ ይጠይቃል፤ እዚያ ወርዶ መግፋት ነው። ፉሪ እንዲህ ያሉ ቦታዎች ቢኖሩትም፣ ሰው ወደ ሥራው የሚሄድበት ዋና መንገድ ከዳር እስከ ዳር እንዲህ አይደለም።

ታዲያ ይህ ሞዞ ለምን እኛ ጋ የተለመደ ዕቃ አልሆነም? ዘመኑ አልከለከለውም። ባለ ሦስት ፍጥነቱ በተነደፈበት ዘመን የጅቡቲ ባቡር ድሬዳዋ ደርሶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ገባ፤ የአውሮፓ ዕቃ ሁሉ የሚመጣበት በር ተከፈተ። የብስክሌት ባህል ግን ጠልቆ የገባው በጣሊያን በኩል፣ ያውም በውድድር መልክ ነው። በአስመራ እ.ኤ.አ. በ1937 የተጀመረው ውድድር የጣሊያኖች ብቻ ነበር፤ ኤርትራውያን ከእነርሱ ጋር እንዲወዳደሩ በ1939 ሲፈቀድ ገብረማርያም ገብሩ አሸነፈ፤ የኤርትራ ዙር ደግሞ በ1946 ተጀመረ። ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ስትገባ ከሯጮቿ ጋር ብስክሌተኞችም ነበሯት፤ ገረመው ደንቦባ እዚያ ከተወዳደረ በኋላ ሮም ላይም ተመለሰ። ከስድሳ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ2008 ዓ.ም.፣ ጽጋቡ ግርማይ በፈረንሳይ ዙር የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። የውድድሩ ዓለም ማርሽ ካቴናውን ከጥርስ ወደ ጥርስ የሚያዘልለው፣ በግልጥ የሚታየው ዓይነት ነው። ቀላል ነው፤ ብዙ ፍጥነት ይሰጣል፤ ነገር ግን ጭቃና አቧራ ጠላቶቹ ናቸው፣ ሲቆሙ አይቀየርም፣ ዕለት ዕለት የሚንከባከበው ሰው ይፈልጋል። ማርሽ የስፖርተኛ ዕቃ ነው የሚለው አመለካከት ከዚህ የመጣ ይመስለኛል።

የሥራው ብስክሌት የመጣው በሌላ መንገድ ነው። የእንግሊዙ ጥቁር ብስክሌት፣ ባለ ትልቅ ጎማውና በብረት ዘንግ የሚይዝ ፍሬን ያለው፣ በእስያ ፋብሪካዎች ተቀድቶ ዓለምን አጥለቀለቀ። ቲያንጂን ላይ «በራሪ እርግብ» እ.ኤ.አ. በ1950 ተሠራ፤ ሕንድ ሉድያና ላይ ሄሮ በ1956 ተከተለ፤ የሻንጋዩ ፎኒክስም ለብዙ የኢትዮጵያ ከተሞች እንግዳ አይደለም። እነዚህ ፋብሪካዎች ቴላዮውን፣ ጎማውን፣ ኮርቻውን ሲቀዱ በአብዛኛው ሞዞውን ባዶ አድርገው ተዉት። ምክንያቱ ከመሐንዲስ ይልቅ ለነጋዴ የቀረበ ነው። ቱቦ አጣምዞ መበየድ ብዙ ሰው ይችላል፤ ጥቃቅን ጥርሶችን በልክ ቆርጦ ማጠንከር ግን ሌላ ፋብሪካ፣ ሌላ ገንዘብ ነው። በዚህም ላይ እነዚህ አገሮች ለሰፊ ሜዳማ ገበያ ነበር የሚሠሩት። ለእኛ ዳገት ታስቦ የተሠራ አልነበረም፤ በዋጋው ገዛነውና ዳገቱን ወቀስን።

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሣል። ብስክሌት የበዛባቸው ከተሞቻችን ባሕር ዳርና ሐዋሳ አይደሉምን? ሁለቱም ሜዳ ናቸው፤ እንግዲህ ወሳኙ የመሬቱ አቀማመጥ ነው ማለት አይደለም? በከፊል ነው። ማርሽ የሌለው ብስክሌት ወደሚመቸው መሬት መሄዱ አይገርምም፤ ይህ ራሱ ስለ ማርሹ መቅረት የሚመሰክር እንጂ የሚያስተባብል አይደለም። ከዚያም በላይ የባሕር ዳር መሬት ዛሬም ያው ሜዳ ነው፤ ሆኖም ባጃጅ ከገባ በኋላ ብስክሌቱ ብዙ ቦታ ለቀቀ። መሬቱ ሳይለወጥ አጠቃቀሙ ከተለወጠ፣ ምክንያቱ መሬቱ ብቻ ሊሆን አይችልም። ዋጋ፣ ጊዜ፣ ክብርና የመንገድ ቦታም ይፈርዳሉ። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ የመጨረሻው ከባድ ነው፤ በአይሱዙና በሚኒባስ መካከል የሚነዳ ሰው ስንት ማርሽ ቢኖረው አይድንም። ይህን ተቃውሞ ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በ«መንገድ ለሰው» ዕለታት፣ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በኮሪደር ልማቱ የብስክሌት መስመሮች ጥያቄው ቢያንስ በመሬት ላይ ተነሥቷል። መስመር መሥራት ግን ግማሹ ነው፤ በመስመሩ ላይ የሚሄደው ብስክሌት የቀረው ግማሽ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የሙያ ነው፤ እንዲህ የተወሳሰበ ሞዞ ማን ይጠግነዋል የሚል። የአሮጌ መኪና ዲፈረንሻልና የናፍጣ ፓምፕ መንገድ ዳር ዘርግቶ የሚገጥም ሰው ባለበት ከተማ ይህ ጥያቄ አያስኬድም። ጥርሶቹ በመኪና አውቶማቲክ ካምቢዮ ውስጥ የሚገኙት ዓይነት ናቸው። እውነተኛው ጉዳይ ችሎታ አይደለም፤ ልማድ ነው። ይህ ሞዞ ጥቂት ነገሮችን ብቻ ይጠይቃል፤ እነዚያን ግን በልክ ይጠይቃል። ሲገጠም፣ ፔርኖው በቴላዮው ስንጥቅ ውስጥ እንዳይዞር የሚይዙት ጥርስ ያላቸው ሮንዴላዎች በቦታቸው መቀመጥ አለባቸው፤ አንደኛና ሦስተኛ ማርሽ ላይ ፀሐዩ የሚገፋው ፔርኖውን ነውና። ዳዶ ጠበቅ ማድረግ የሮንዴላን ሥራ አይተካም። ቀጥሎ የማርሽ ሽቦው ነው። መቀየሪያው ሁለተኛ ላይ ሆኖ በቀኝ በኩል ባለው ዳዶ ቀዳዳ ሲታይ፣ በሽቦው ጫፍ ካለችው ትንሽ ሰንሰለት ጋር የተያያዘችው ዘንግ ትከሻ ከፔርኖው ጫፍ ጋር እኩል መሆን አለበት፤ ሦስተኛ ላይ ሽቦው በጥቂቱ ይላላል፣ አንደኛ ላይ ይወጠራል። ይህ ልክ ሲዛነፍ በነባሩ ኤ ደብልዩ በሁለተኛና በሦስተኛ መካከል ምንም የማይይዝበት ክፍተት ይገኛል፤ ፔዳሉ በድንገት ባዶውን ይዞርና ነጂው ጉልበቱን መሪው ላይ ይመታል። ብዙ ሰው «ሞዞው ተበላ» ብሎ የሚጥለው በዚህ የሽቦ ልክ ብቻ ነው። ሦስተኛው ዘይት ነው። በጊዜው ጥቂት ጠብታ ቀጭን ዘይት ይበቃዋል፤ በወፍራም ግሪስ የሞላው ሰው ግን የውስጡን ስስ ምላሶች ያጣብቃቸዋል፣ ማርሹም መያዝ ያቅተዋል።

ከውስጥ የተዘጋ መሆኑ ለፉሪ አካባቢ ከሁሉ የሚበልጥ ጥቅሙ ነበር። የከተማው ደቡባዊ ክፍል አፈር በብዛት ጥቁር ዋልካ ነው፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ጎማ ላይ ይለጠፋል፣ በካቴናና በሚንጠለጠል ማርሽ መካከል ይገባል። ሞዞ ውስጥ ያለው ማርሽ ካቴናውን ቀጥ አድርጎ ይይዛል፣ ጭቃው አይደርስበትም፣ ትራፊክ አስቁሞትም ማርሽ መቀየር ይቻላል። ዛሬ ጃፓኖቹ ባለ ስምንቱን፣ ጀርመኑ ሮሎፍ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ባለ አሥራ አራቱን ይሠራሉ፤ ዋጋቸው ግን ለእኛ ሠራተኛ የሚቀመስ አይደለም። ባለ ሦስቱ ግን ከሁሉ የቀለለውና ለመጠገንም የሚመቸው ነው።

የመጨረሻው ተቃውሞ፣ በኤሌክትሪክ ብስክሌት ዘመን ይህ ሁሉ ያረጀ ወሬ ነው የሚለው ነው። ኢትዮጵያ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከከለከለች ወዲህ ነፋሱ ወደዚያ መሆኑ እውነት ነው፤ በፉሪ ለቡ ጣቢያ በኩል ወደ ጅቡቲ የሚሄደው ባቡርም በኤሌክትሪክ ነው። ነገር ግን በጎማ ላይ የሚገጠሙት ትንንሽ ሞተሮች ብዙዎቹ ሲከፈቱ ውስጣቸው ያው ፀሐይ፣ ያው ፕላኔት፣ ያው በአንድ አቅጣጫ የሚይዝ መያዣ ነው፤ ፕላኔቶቹ ብዙ ጊዜ ከናይለን መሆናቸው ነው ልዩነቱ። ሞተሩ ሲነሣ ፔርኖውን በቴላዮው ስንጥቅ ውስጥ ለማዞር ይታገላል፤ የሚከለክለው ያው ሮንዴላ ነው፤ ሳይገጠም ሲቀር ፔርኖው ዞሮ ሽቦውን ይበጥሳል፣ ጎማውም ሊወልቅ ይችላል። ስለዚህ ብስክሌት ለምታስገቡ ነጋዴዎችና ለምታስተምሩ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች የምለው ይህን ነው፦ ባለ ሦስት ማርሽ ሞዞ ከነመለዋወጫው፣ ከነሽቦውና ከነባለ 22 ጥርሱ ለሥራ ብስክሌት አስገቡ፤ ተማሪውም ሞተር ከመግጠሙ በፊት ይህን ሞዞ ፈትቶ ይግጠም፣ መጀመሪያም ሮንዴላውን ይይ።