ቀይ ሽንኩርት፣ ዘንጋዳ እና ጤና አዳም፦ ፍላቮኖይድ በሽታን እስከምን ይከላከላል?

ለወጥ የሚሆን ቀይ ሽንኩርት ሲላጥ ከደረቁ ልጣጭ ጋር ቀላ ያለው የውጭ ሽፋንም አብሮ ይጣላል። ኩዌርሴቲን የተሰኘው ንጥረ ነገር በብዛት የሚገኘው ግን በዚሁ ሽፋን ላይ ነው። ኩዌርሴቲን ፍላቮኖይድ በሚል የጋራ ስም ከሚታወቁት የዕፅዋት ንጥረ ነገሮች አንዱ ሲሆን፣ ተመራማሪዎች እስካሁን ከ6 ሺህ በላይ ፍላቮኖይዶችን ለይተዋል።

ዕፅዋት ፍላቮኖይድን የሚያመርቱት ለራሳቸው ነው። ለአበባና ለፍሬ ቀለም ይሰጣል፤ ከፀሐይ ጎጂ ጨረርና ከተባይ ይከላከላል። የባቄላና የሽምብራ ሥሮች ናይትሮጅንን ከአየር የሚያዘጋጁላቸውን የአፈር ባክቴሪያዎች የሚጠሩት ፍላቮኖይድ ወደ አፈሩ በመልቀቅ ነው። ዘንጋዳ የሚመረውና ወፍ እምብዛም የማይደፍረው በታኒን ምክንያት ነው፤ ይህ ታኒን ራሱ ከፍላቮኖይድ የተገነባ ነው። አርሶ አደሩ ስሙን ባይሰማም ጣዕሙን ያውቀዋል ማለት ይቻላል።

ሀንጋሪያዊው ሳይንቲስት አልበርት ሴንት-ጆርጂ እና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1936 ከሎሚና ከቀይ በርበሬ ያገኙትን ፍላቮኖይድ ለደቃቅ የደም ሥሮች ጥንካሬ ይጠቅማል በማለት "ቫይታሚን ፒ" ብለው ሰየሙት። ሆኖም በእጥረቱ የሚመጣ በሽታ ባለመረጋገጡ ስያሜው ኋላ ላይ ተተወ።

ዛሬ ፍላቮኖይድ በይበልጥ የሚታወቀው በአንቲኦክሲዳንትነቱ ነው። ሰውነት ምግብን ወደ ኃይል ሲለውጥ ፍሪ ራዲካል የሚባሉ ያልተረጋጉ ቅንጣቶች ይፈጠራሉ፤ ሲበዙም ሴሎችን ይጎዳሉ። በቤተ ሙከራ ውስጥ ፍላቮኖይድ እነዚህን ቅንጣቶች ያመክናል። በሰው አካል ውስጥ ግን ነገሩ የተለየ ነው፤ ከተበላው ውስጥ ወደ ደም የሚገባው ጥቂት ሲሆን፣ እርሱንም አንጀትና ጉበት ይለውጡታል። የቤተ ሙከራን ውጤት ብቻ ይዞ "ካንሰርን ያድናል" ብሎ ማስታወቅ ስለዚህ ትክክል አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1993 ይፋ የሆነ የኔዘርላንድ ጥናት 805 አረጋውያን ወንዶችን ለ5 ዓመታት ተከታትሏል። በዋናነት ከሻይ፣ ከሽንኩርትና ከፖም ፍላቮኖይድ በብዛት ያገኙት ሰዎች በልብ በሽታ የመሞት ዕድላቸው ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። እንዲህ ያለው ክትትል ግን የምግቡን ድርሻ ከቀሪው አኗኗር ሙሉ በሙሉ መለየት አይችልም። እ.ኤ.አ. በ2022 ውጤቱ የወጣ የአሜሪካ ሙከራ 21 ሺህ 442 ሰዎችን በዕጣ ከፍሎ፣ ለግማሾቹ በየቀኑ 500 ሚሊ ግራም የካካዎ ፍላቫኖል ሰጥቷል። የልብና የደም ሥር ሕመሞች በጥቅሉ በጉልህ አልቀነሱም፤ በእነዚሁ ሕመሞች የደረሰው ሞት ግን በ27 በመቶ አንሷል።

በመድኃኒትነት የሚሰጥ ፍላቮኖይድም አለ። ከብርቱካንና ከመሰሎቹ የሚዘጋጁት ዲዮስሚን እና ሄስፐሪዲን ለእግር የደም መላሽ ሥር ሕመምና ለኪንታሮት ይታዘዛሉ። እነዚህ መጠናቸው ተለክቶ የተዘጋጁ እንክብሎች ናቸው፤ በማንኪያ ተሰፍሮ ከሚበላ የቅጠል ዱቄት ጋር አይተካከሉም።

አሳሳቢው ጉዳይም ይኸው ነው። የሽፈራው ቅጠል ኩዌርሴቲን አለው፤ ምግብነቱም የሚናቅ አይደለም። ይሁንና በእርሱ ተማምኖ የደም ግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት ማቋረጥ ለስትሮክ፣ ለኩላሊት ጉዳትና ለዓይነ ስውርነት ሊዳርግ ይችላል። ከመድኃኒት ጋር ደርቦ የሚወስድም ለሐኪሙ ሊነግር ይገባል። ሩቲን የተባለው ፍላቮኖይድ ስያሜውን ያገኘው ሩታ ከሚለው የጤና አዳም ሳይንሳዊ ስም ነው። ጤና አዳም ለቡና ማጣፈጫነት የታወቀ ቢሆንም፣ በብዛት ተጨምቆ ሲጠጣ ጽንስ ሊያስወርድ ስለሚችል ነፍሰ ጡሮች ሊርቁት ይገባል።

ሻይና ቡናም ፍላቮኖይድንና መሰል ንጥረ ነገሮችን ስለያዙ ከጤፍና ከጥራጥሬ የሚገኘውን ብረት አስረው ያስቀራሉ። በተለይ ደም ማነስ ላለባቸው ሰዎችና ለነፍሰ ጡሮች ከምግብ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት ቆይቶ መጠጣት ይመረጣል።

በማዕድ ቤት ደግሞ ከሽንኩርቱ ደረቁን ልጣጭ ብቻ ማንሳት ይበቃል። አትክልት ሲቀቀል ፍላቮኖይዱ ወደ ውኃው ይወጣል፤ መረቁ አብሮ በሚበላበት ወጥ ግን ብዙው አይባክንም። በገበያ ከነጩ ያነሰ ዋጋ የሚሰጠው ቀይ ጤፍ በዚህ ረገድ ከነጩ እንደሚበልጥ ጥናቶች አመላክተዋል።