ቤትን የሚጠብቀው ምንድን ነው? የመሣሪያ ምርጫ ታሪክ ከነፍጥ እስከ ክላሽ

በዛሬው የታሪክ ዝግጅታችን የምናነሣው ጉዳይ በብዙ አዲስ ገቢ ቤተሰብ ዘንድ የሚነሣ ነው። አባት «አገር ቤት ሳለሁ ቤቴንና ከብቴን የምጠብቀው በጠመንጃ ነበር፤ እዚህስ በምን ልጠብቅ?» ይላል። ልጁ ደግሞ ከሠራዊቱ ለሰንበት ሲመለስ መሣሪያ አንግቶ ይገባል። እናት በሁለቱ መካከል ሆና ታዳምጣለች። ለመሆኑ አባቶቻችን ራሳቸውን ለመከላከል መሣሪያ ሲመርጡ ምን ምን አይተው ይመርጡ ነበር? ከዚያ ታሪክ ለዛሬው ኑሯችን የሚተርፍ ነገርስ አለ? ዓመቶቹን የምንጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

በኢትዮጵያ የጦርነትን መልክ የለወጠው ነፍጥ ጎልቶ የታየው በ16ኛው መቶ ዘመን ነው። በ1541 በክሪስቶፎ ዳ ጋማ የሚመሩ 400 ያህል ፖርቱጋሎች ነፍጥ ይዘው ንጉሡን ለመርዳት ምጽዋ ላይ ወረዱ። ኢማም አህመድ፣ ግራኝ የሚባለው፣ በበኩሉ ከቱርኮች ነፍጠኞች አስመጣ። በ1543 ወይና ደጋ ላይ የወደቀውም በነፍጥ ተመትቶ ነው። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ የቤተ እስራኤል አባቶች ይህንኑ መሣሪያ በሰሜን ተራሮች ላይ ፊት ለፊት ገጠሙት። አፄ ሠርፀ ድንግል (1563–1597) በእነ ረዳኢ ላይ ሲዘምት ጭፍራው ነፍጥ ነበረው። አምባውን የያዙት ግን ጦርና ጋሻ ይዘው፣ ከላይ ቋጥኝ እያንከባለሉ ተከላከሉ። ጦርነቱ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን (1607–1632) የጌዴዎን ወገን እስኪሸነፍ ድረስ ዘለቀ።

ከሽንፈቱ በኋላ የሆነውን ሽማግሌዎቻችን ያውቁታል። ርስት የተነፈገው ሕዝብ በእጁ ሥራ ኖረ። ወንዱ ብረት ቀጠቀጠ፣ ግንብ ገነባ፣ ሸማ ሠራ፤ ሴቷ ሸክላ ሠራች። ከወናፉ ሥር ማረሻ፣ ማጭድ፣ መጥረቢያ፣ ቢላዋና የጦር ጫፍ ይወጣ ነበር። እንግዲህ ነገሩን ልብ በሉት፤ ባላገሩ ራሱን የሚከላከልበትን ብረት የሚሠራለት ሰው፣ በምሽት «ቡዳ» ተብሎ የሚፈራው ያው ሰው ነበር። የጦሩን ጫፍ የሠራው ባለእጅ መሬቱን የማረስ መብት የራሱ አልነበረም። ስለዚህ በእኛ ታሪክ የመሣሪያ ነገር ሲነሣ፣ ማን ይዞታል ከሚለው ጥያቄ ጋር ማን ሠርቶታል የሚለውም አብሮ ይነሣል።

ወደ ጠመንጃው እንመለስ። የጥንቱ ነፍጥ በአፈሙዙ በኩል ባሩድና ዐረር የሚጎርስ፣ በተለኮሰ ፈትል የሚተኮስ ነበር። ዝናብ ከመጣ ፈትሉ ይጠፋል፣ ባሩዱም ይርሳል። አንዴ ከተተኮሰ በኋላ እንደገና እስኪጎርስ ጦር የያዘ ሰው ደርሶ ሊወጋ ይችላል። ነገር ግን አንድ ትልቅ ጥቅም ነበረው። ምግቡ ከአገር አይጠፋም። ባሩዱን ከአፈር ከሚጣራ ጨው መሰል ነገር፣ ከድኝና ከከሰል ባላገሩ ራሱ ይቀምመው ነበር። ዐረሩንም ከእርሳስ ወይም ከብረት ያዘጋጀዋል።

በ1868 ነገሩ ተለወጠ። አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ በፈረንጅ ባለሙያዎች መድፍ አሠርተው ነበር፤ ትልቁ «ሴባስቶፖል» የተባለው ወደ 7 ቶን የሚመዝን ሲሆን በብዙ ድካም ተጎትቶ መቅደላ ደረሰ። የእንግሊዝ ወታደር ግን የመጣው ስናይደር የተባለውን፣ በእኛ አፍ «ሰናድር» የሆነውን፣ ከኋላው የሚጎርስ ጠመንጃ ይዞ ነው። ሚያዝያ 10 ቀን አሮጌ በተባለው ሜዳ ላይ በተደረገው ውጊያ ከቴዎድሮስ ወገን 700 ያህል ሰው ሲሞት፣ ከእንግሊዝ ወገን የሞቱት 2 ብቻ ናቸው። የጀግንነት ማነስ አልነበረም። ልዩነቱ አንዱ ወገን አንድ ጊዜ አጉርሶ ሲተኩስ ሌላው ብዙ ጊዜ መተኮሱ ነው። ቴዎድሮስ ከሦስት ቀን በኋላ ራሳቸውን የገደሉት ንግሥት ቪክቶሪያ በላከችላቸው ሽጉጥ መሆኑ ደግሞ የታሪክ ምጸት ነው።

ከዚያ ወዲህ ነገሥታቱም ባላገሩም ከኋላ የሚጎርሰውን ጠመንጃ ፈለጉ። አፄ ዮሐንስ በ1875 ጉንደት፣ በ1876 ጉራዕ ላይ የግብፅን ጦር ሲያሸንፉ ብዙ የረሚንግተን ጠመንጃ ማረኩ። ምኒልክ ከነጋዴዎች ገዙ፤ ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ራሱ በ1887 በግመል ጠመንጃ ጭኖ ሸዋ ገብቶ ነበር፣ በዋጋው ግን እንዳሰበው አልተጠቀመም። በገበያው የበዛው የፈረንሳዩ ግራ ጠመንጃ ነበር። «ፉዚ ግራ» የሚለው የፈረንሳይኛ ስም በባላገሩ አንደበት «ውጅግራ» ሆነ። ለበል «ለበን»፣ ማንሊከር «ምንሽር»፣ ከቤልጅየም የመጣው «ቤልጅግ» ተባለ። በመጋቢት 1 ቀን 1896 በዓድዋ የተሰለፈው ሠራዊት እነዚህን የመሰሉ መሣሪያዎች የታጠቀ ነበር። ድሉም 56 መድፍና በሺህ የሚቆጠር ጠመንጃ አስማረከ።

ታዲያ አንድ ገበሬ ከእነዚህ ሁሉ የትኛውን ይመርጥ ነበር? በፉከራው ላይ የሚሰማው የጠመንጃው ውበትና የባለቤቱ ወንድነት ነው። በጎተራው አጠገብ የሚታሰበው ግን ሌላ ነበር።

አንደኛው ጥያቄ «ጥይቱ ይገኛል ወይ?» የሚል ነው። ጥሩ ጠመንጃ ያለ ጥይት ከዱላ አይሻልም። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ ጥይት በገበያ ላይ እንደ አሞሌ ጨው መገበያያ እስከ መሆን ደርሶ ነበር። አንድ ጥይት በከንቱ መተኮስ ገንዘብ መጣል ማለት ነው። የውጅግራ ቀለህ በአገር ባሩድ ተሞልቶ እንደገና ሊተኮስ መቻሉ እጅግ አስወደደው። ጉዳቱ አንድ በአንድ መጉረሱና ሲተኮስ የሚወጣው ጭስ ተኳሹን ማጋለጡ ነው። በ1886 የወጣው ለበል ጭስ አልባ ባሩድ የሚጠቀምና 8 ጥይት የሚይዝ ስለሆነ ከውጅግራ እጅግ ይበልጣል፤ ነገር ግን ጥይቱን በቤት ሠርቶ መተካት አይቻልም። ባለቤቱ የሩቅ አገር ፋብሪካ ጥገኛ ይሆናል።

ሁለተኛው ጥያቄ «ሲበላሽ ማን ይሠራዋል?» የሚል ነው። ሰደፉ ቢሰበር እንጨት ጠራቢ ይተካዋል። ውስጡ ያለው ብረት ቢሰበር ግን የሰለጠነ እጅ ያስፈልጋል። ማንሊከርን የመሰለው ጠመንጃ ደግሞ ጥይቱን በቆርቆሮ ማቀፊያ አድርጎ የሚጎርስ ነው። ማቀፊያው ከጠፋ፣ ብዙ ጥይት እያለህ እንኳ ጠመንጃው አንድ በአንድ የሚጎርስ ይሆናል። በዚህ ምክንያት ቀላሉ መሣሪያ ከረቂቁ ይመረጥ ነበር።

ሦስተኛው ጥያቄ «ከማን የምጠብቀው ነው?» የሚለው ነው። ጅብና ነብርን ለማባረር፣ ከብት ነጂ ሽፍታን ለማስፈራራት አሮጌ ጠመንጃም ይበቃ ነበር። በጣሊያን ወረራ ዘመን (1936–1941) ግን ምርጫው ተገለበጠ። አርበኛው ጥይት የሚያገኘው ከጠላት ማርኮ ስለሆነ፣ የጠላትን ጥይት የሚበላ ጠመንጃ ይሻለዋል። ስለዚህ 6 ጥይት የሚይዘው የጣሊያኑ ካርካኖ፣ እንደ ጠመንጃ ከሌሎቹ ባይበልጥም፣ በዱር ለሚኖር ሰው የሚመች ሆነ።

አራተኛው ጥያቄ በፉከራ የማይነገረው ነው፤ «ጠመንጃው ራሱ ምን ይጠራብኛል?» የሚለው። መልካም መሣሪያ ያለው ቤት ሽፍታን ያርቃል፣ ነገር ግን መሣሪያውን የሚፈልግ ሽፍታም ይጠራል። የአካባቢው ሹም ለዘመቻ ሲመለምል መጀመሪያ የሚያስታውሰው ባለጠመንጃውን ነው። የደም ቂም ሲነሣም ሞት ቅርብ የሚሆነው ጠመንጃ ባለበት ቤት ነው።

የዚህን የመጨረሻ ጥያቄ ክብደት የእኛ ሰው በተለይ ያየው ከአብዮቱ በኋላ ነው። በ1975 የወጣው የመሬት አዋጅ ለዘመናት ርስት ለተነፈገው ሕዝብ መሬት ሰጠ። ወዲያው ግን በጎንደር ክፍለ ሀገር ኢዲዩ፣ ኢሕአፓና ደርግ ሲዋጉ፣ የቤተ እስራኤል መንደሮች በመካከል ተያዙ። ሁሉም ወገን ታጥቆ ይመጣ ነበር። ከ1977 ጀምሮ ከሶቪየት ኅብረት በብዛት የገባው ክላሽንኮቭ፣ 30 ጥይት በአንድ ካዝና የሚይዘው፣ አሮጌውን ምንሽር ከዋጋ አወረደው። በአንድ መንደር ያሉ ሁለት ወይም ሦስት አሮጌ ጠመንጃዎች በዚህ ፊት መከላከያ መሆናቸው ቀረ።

በሱዳን መንገድ የተጓዙት ወገኖች የመረጡትን ዕቃ እናስታውስ። ስንቅ፣ የውሃ ቅል፣ አህያ፣ በልብስ የተሰፋ ገንዘብና በእጅ ዱላ። አንዳንዶች ጠመንጃ ያላቸው ሰዎች አጅበዋቸዋል። ይሁን እንጂ ብዙዎችን ያዳናቸው በሌሊት መጓዝ፣ ሕፃን እንዳያለቅስ መጠንቀቅ፣ መንገድ የሚያውቅ ታማኝ መሪ ማግኘትና ተለያይቶ አለመቅረት ነበር። ብዙዎችም አልዳኑም። በመንገድና በሱዳን ካምፖች 4,000 ያህል ወገኖች አልቀዋል። ከእነርሱ ብዙዎቹን የገደላቸው ረኃብ፣ ጥማትና በሽታ እንጂ ጥይት አይደለም። ለዚህ ጠላት ደግሞ ጠመንጃ መከላከያ አይሆንም።

አሁን ወደዚህ አገር እንምጣ። በእስራኤል ስለ ጦር መሣሪያ የሚደነግገው ሕግ የወጣው አገሪቱ በተመሠረተች በዓመቱ፣ በ1949 ነው። በዚህ ሕግ መሠረት ጠመንጃ መያዝ በአባት ወግ ወይም በገንዘብ የሚገኝ መብት አይደለም። ግለሰቡ በዕብራይስጥ «ሪሻዮን ነሼክ» የሚባል ፈቃድ ማውጣት አለበት። ፈቃዱም ዕድሜን፣ ጤንነትን፣ በቂ ምክንያትንና የተኩስ ሥልጠናን ይጠይቃል። ከጥቅምት 2023 ጦርነት ወዲህ መስፈርቱ ሰፋ ብሎ ብዙ ሰው ፈቃድ አውጥቷል፤ ያለ ፈቃድ መያዝ ግን ዛሬም ከባድ ወንጀል ነው። ወታደር ልጃችሁ ይዞት የሚመጣው መሣሪያም የመንግሥት ነው። አባት እንዲፈትሸው፣ ታናሽ ወንድም እንዲነካው፣ ለእንግዳ እንዲታይ የመጣ አይደለም።

በጥበቃ ሥራ የተሰማሩ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው። በዚህ አገር ጠባቂዎች በሥራ መሣሪያቸው በቤታቸው የትዳር ጓደኛቸውን የገደሉባቸው አሳዛኝ ጊዜያት ነበሩ። ሴቶች ተነሥተው ከጮኹና ከታገሉ በኋላ፣ በ2013 ጠባቂዎች መሣሪያቸውን ሥራ ሲጨርሱ በሥራ ቦታ እንዲያስቀምጡ የሚያዘው ሕግ በጥብቅ ሥራ ላይ ዋለ። በኋላ በጸጥታው ሁኔታ ምክንያት ላላ እንጂ፣ የተነሣበት ምክንያት እውነት ነው። ከሩቅ የሚመጣ ጠላት ሳይመጣ ሊቀር ይችላል። ንዴት፣ መጠጥና ተስፋ መቁረጥ ግን የትኛውንም ቤት ያንኳኳሉ። በዚያች ሰዓት ጠመንጃ በእጅ አጠገብ መኖሩና አለመኖሩ የሰው ሕይወት ልዩነት ነው።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፣ የአባቶችን አራት ጥያቄዎች አንጣላቸው። ፈቃድ ለማውጣት የሚያስብ ሰው ተኩሱን በሚገባ እችላለሁ ወይ፣ መሣሪያውን በተቆለፈ ካዝና ለማስቀመጥ ተዘጋጅቻለሁ ወይ፣ ከማን ልጠብቅ ነው፣ ደግሞስ በቤቴ ላይ ምን ይጠራብኛል ብሎ ይጠይቅ። መልሱን ለብቻው አይመልስ፤ ከባለቤቱ ጋር ይምከር። ፈቃድ ሳያወጣ የሚቀር አባትም ቤቱን መጠበቅ ተወ ማለት አይደለም። የመጠለያውን ክፍል ማዘጋጀት፣ ውሃና ባትሪ ማስቀመጥ፣ ልጆች የፖሊስን ስልክ ቁጥር 100 እና የአምቡላንስን 101 በቃላቸው እንዲይዙ ማድረግ፣ ከጎረቤት ጋር መተዋወቅ፣ እነዚህ ሁሉ የዚህ አገር ጋሻ ናቸው።

በሰሜን ተራራ ቋጥኝ ያንከባለሉትም፣ በሱዳን በረሃ ልጃቸውን አዝለው በሌሊት የተጓዙትም ቤታቸውን ጠብቀዋል። ለልጆቻችን ስንተርክ የሁለቱንም ታሪክ እኩል እንንገራቸው።