ከመንደር የተለዩ አባቶች፤ በቤተ እስራኤል ዘንድ የመሎክሴ ሰፈርና የሽምግልና ማዕርግ

ለሽማግሌ የሚሰጠው መኖሪያ የአንድን ሕዝብ ሥርዓት ከሚገልጹት ምልክቶች አንዱ ነው። አንዳንዱ ሕዝብ ሽማግሌውን በመንደሩ መካከል ያስቀምጠዋል፤ አንዳንዱ ደግሞ አባቶቹን ከመንደሩ ለይቶ ያከብራቸዋል። ሁለቱም ልማዶች በኢትዮጵያ ይገኛሉ። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በወልቂጤና በቡታጅራ ዙሪያ ባለው በጉራጌ አገር የፊተኛው ልማድ ጸንቶ ይታያል። የጉራጌ ቤቶች በጀፎረ፣ ይኸውም ሣር በለበሰው ሰፊ የመንደር አደባባይ፣ ግራና ቀኝ ተሰልፈው ይሠራሉ፤ ሽማግሌውም በሰው ሁሉ ፊት ተቀምጦ ያስታርቃል፣ ይፈርዳል፣ ይመርቃል። የሰባት ቤት ጉራጌ ሽማግሎች የጆካ በሚባለው ሸንጎ ተሰብስበው በቂጫ፣ ማለት ከአበው በወረደው ሕግ፣ ነገር ይቈርጣሉ። ልጅ ለንግድ ወደ አዲስ አበባ ቢሄድ ክርስቲያኑ ለመስቀል፣ ሙስሊሙ ለአረፋ ወደ ወላጆቹ ቤት ተመልሶ ምርቃት ይቀበላል። ልጅ ጧሪ ቀባሪ ነውና፣ ለአረጋዊ የተለየ ቤት መሥራት በዚህ ልማድ ዘንድ የሚታሰብ ነገር አልነበረም።

ኋለኛው ልማድ የቤተ እስራኤል፣ ማለት የኢትዮጵያ አይሁድ ነው። ሁለቱን ሕዝቦች ጐን ለጐን ማየት አዲስ ነገር አይደለም። ዎልፍ ሌስላው የተባለው የቋንቋ ሊቅ የቤተ እስራኤልን መጻሕፍት ወደ እንግሊዝኛ መልሶ በ1951 ካሳተመ በኋላ፣ በ1979 ታላቁን የጉራጌ ቋንቋዎች መዝገበ ቃላት አውጥቷል። ቤተ እስራኤል በወገራ፣ በደምቢያ፣ በሰሜን፣ በወልቃይትና በትግራይ ተበታትነው ይኖሩ ነበር፤ ሌሎች ሰዎች የሰጧቸውን «ፈላሻ» የሚለውን ስም ግን ራሳቸው አይወድዱትም። ኦሪትን የሚያነቡት በግዕዝ ሲሆን፣ ከጸሎታቸውም ከፊሉ በአገውኛ ነበር።

የቤተ እስራኤል ትውፊት እንደሚተርከው፣ የምንኵስናን ሥርዓት ያቆመላቸው በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመነ መንግሥት (1434–1468) የነበረው አባ ሰብራ ነው። አባ ሰብራ አስቀድሞ ክርስቲያን ነበረ፤ ሊያስተምራቸው መጥቶ የእነርሱን ሃይማኖት ተቀበለ ይባላል። የንጉሡ ልጅ ነው የሚባለው ጸጋ አምላክም ተከትሎት ሁለቱ በሆሃርዋ ተቀመጡ። የትውፊቱ ዝርዝር በጊዜው ጽሑፍ የተረጋገጠ ባይሆንም፣ ሆሃርዋ ለብዙ መቶ ዓመታት የመነኮሳት መኖሪያና የጉዞ ስፍራ ሆኖ መቈየቱ የታወቀ ነው። መነኮሳቱም በሕዝቡ ዘንድ መሎክሴ ተብለው ይጠሩ ነበር።

የመሎክሴዎች ሰፈር ከመንደሩ ውጭ ሲሆን፣ ዙሪያው በአጥር ወይም በካብ የተከበበ ነበር። በውስጡ እያንዳንዱ በየጎጆው ይኖር ነበር። የመለየቱ ምክንያት የንጽሕና ሕግ ነው። ቤተ እስራኤል በጠቅላላው ሬሳ የነካን ሰው ሰባት ቀን ይለዩ ነበር፤ ሴቶችም በወር አበባቸውና በወሊድ ጊዜ በመርገም ጎጆ ይሰነብቱ ነበር፤ ከሌላ እምነት ሰው ጋር የተነካካም ሳይታጠብ ወደ ቤቱ አይገባም ነበር። መሎክሴዎች ይህንኑ ሕግ ከሕዝቡ ይልቅ አጥብቀው የያዙ ናቸው። ሕዝቡ እህሉን ያመጣላቸዋል፤ ምግባቸውን ግን በገዛ እጃቸው ያዘጋጃሉ፤ ከምእመናን ጋርም በአንድ መሶብ አይቀርቡም።

ይሁን እንጂ ይህ ሰፈር የዕረፍት ቤት አልነበረም። ካህናትን የሚያስተምሩትና ለክህነት የሚያበቁት መሎክሴዎች ነበሩ፤ መጻሕፍት የሚገለበጡትና የሚጠበቁት በእነርሱ ዘንድ ነው፤ ሕዝቡም ለንስሐና ለምክር ወደ እነርሱ ይሄድ ነበር። ፈረንሳዊው መንገደኛ አንትዋን ዳባዲ በ1840ዎቹ ስለ ቤተ እስራኤል ሃይማኖት ጥያቄ ባቀረበ ጊዜ መልስ የሰጠው የሆሃርዋው አባ ይስሐቅ ነው፤ መልሱም በ1851 በፓሪስ ታተመ። በ1862 ደግሞ አባ መሐሪ የተባለው መሎክሴ ወደ ኢየሩሳሌም የመመለሻው ጊዜ ደርሷል ብሎ ብዙ ሕዝብ አስከትሎ ተነሣ። ትግራይ ሲደርሱ ረኃብና በሽታ ፈጃቸው፤ የተረፉትም ከፊሉ ተመለሱ፣ ከፊሉ በዚያው ቀሩ። ጉዞው ባይሳካም፣ ከአጥሩ ውስጥ የወጣ የአንድ አባት ቃል ሕዝብን ከርስቱ ለማንቀሳቀስ ይበቃ እንደ ነበረ ያስረዳል። የቤተ እስራኤል ነገሥታት ኃይል በ17ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ከተሰበረ ወዲህ፣ ሕዝቡን በአንድነት የያዘው ይህ የመሎክሴዎች ሥልጣን ነበር።

ይህን ሥልጣን ያደከሙት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው የውጭ አገር ሰዎች ትምህርት ነው። በ1860 ገደማ የመጡት የፕሮቴስታንት ሚሲዮናውያን ምንኵስና በኦሪት የሌለ ሥርዓት ነው እያሉ ይከራከሩ ነበር፤ ከ1904 ጀምሮ የመጣው ዣክ ፋይትሎቪችም፣ ምንም እንኳ የቤተ እስራኤል ወዳጅ ቢሆን፣ ሥርዓታቸው ወደ ሌሎች አይሁድ ሥርዓት እንዲቀርብ ይፈልግ ነበር። ከዚህ ሁሉ የባሰው ግን ክፉ ቀን የተባለው የ1888–1892 ረኃብ ነው። ከብት በበሽታ አልቆ፣ እህል ጠፍቶ፣ መንደሮች ባዶ ሲሆኑ፣ በሕዝቡ መባ የሚኖሩት መሎክሴዎች የሚደግፋቸው አጡ። ከዚያ በኋላ የቀሩት ጥቂቶች ብቻ ናቸው። የማስተማርና የመሾም ሥራ ወደ ቄሶች ተላለፈ፤ የማስታረቁም ነገር እንደ ቀድሞው በመንደር ሽማግሎች እጅ ጸና። ስለዚህ በ20ኛው መቶ ዓመት በአምቦበር ወይም በወለቃ የኖረ የቤተ እስራኤል ሽማግሌ ኑሮው ከጉራጌው ሽማግሌ ኑሮ እጅግ የራቀ አልነበረም፤ በልጆቹ መካከል ተቀምጦ ያስታርቅ፣ ይመርቅ ነበር።

በ1973 የእስራኤል የሰፋርዲም ሊቀ ረቢ ዖቫድያ ዮሴፍ ቤተ እስራኤል አይሁድ መሆናቸውን አወጀ፤ በ1975ም የመመለስ መብት የሚሰጠው ሕግ ለእነርሱ እንዲሠራ ተወሰነ። ከዚያ ወዲህ ብዙዎች በእግራቸው ወደ ሱዳን ወረዱ። በመንገድና በሱዳን ሰፈሮች የሞቱት ወደ 4,000 እንደሚደርሱ ይገመታል፤ ለእነርሱም በኢየሩሳሌም በሄርዝል ተራራ በ2007 መታሰቢያ ቆመላቸው። ከሞቱት ብዙዎቹ ሕፃናትና ሽማግሎች ነበሩ። ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 ብዙ ሺህ ሰዎች ከሱዳን በአውሮፕላን ተወሰዱ፤ በግንቦት 1991ም በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ከአዲስ አበባ ተጓጓዙ።

በእስራኤል አገር ለሽማግሎቹ እንደ ገና የመለየት ዘመን መጣ፤ መለየቱ ግን የቀድሞው ዐይነት አልነበረም። ሕዝቡ አስቀድሞ በመቀበያ ጣቢያዎች፣ በሆቴሎችና በተንቀሳቃሽ ቤቶች ተቀመጠ፤ ከዚያም በየከተማው ጠባብ ፎቆች ተበታተነ። ልጆች ዕብራይስጥን ቶሎ ስለ ተማሩ በሐኪምና በሹም ፊት የአባታቸው አስተርጓሚ ሆኑ። መንግሥት ለአረጋውያን የሚሰጠው ገንዘብ ሽማግሌውን ከልጁ እጅ ነጻ ሲያወጣው፣ በዚያው መጠን ልጅን ጧሪ ከመሆን ግዴታ አላቀቀው። የመርዶም ሥርዓት ተናጋ። በአገር ቤት ሐዘን የሚነገረው ሽማግሎች ተሰብስበው፣ ጊዜውን መርጠው፣ ሐዘንተኛውን ከበው ነበር፤ በዚያ ግን መርዶ በስልክ ወይም ከሐኪም ቤት በቀጥታ ለቤተ ሰብ ይደርስ ጀመር።

በቄሶችም ላይ የደረሰው ከዚህ አላነሰም። የረቢዎች ጉባኤ ከመጤዎቹ ለጥርጣሬ ማስወገጃ ጥምቀት በጠየቀ ጊዜ፣ በ1985 ቤተ እስራኤል በኢየሩሳሌም በጉባኤው ጽሕፈት ቤት ፊት ለአንድ ወር ያህል ተቀምጠው ተቃወሙ። ቄሶችም እንደ ረቢ ጋብቻ የመፈጸም ሥልጣን አልተሰጣቸውም። ስለዚህ ሽማግሌው ክብር አላጣም፤ እጁ ይሳማል፣ ምርቃቱ ይፈለጋል፤ የተጓደለው ክብሩን የሚያሠራው ሥራ ነው።

ኢትዮጵያውያን በብዛት በሚኖሩባቸው እንደ ነታንያ፣ ረሖቮትና ቤር ሼባ ባሉ ከተሞች አረጋውያን በቀን የሚሰበሰቡባቸው ቤቶች ተከፍተዋል። በእነዚህ ስፍራዎች አማርኛና ትግርኛ ይነገራል፤ ቡና ይፈላል፤ ሴቶቹ በጐንደር የታወቁበትን የሸክላና የስፌት ሥራ ይሠራሉ፤ በአንዳንድ ከተማም ትንሽ መሬት ተሰጥቷቸው ይዘራሉ፣ ይኰተኵታሉ። ጠቡ ያልበረደለት ባልና ሚስትም ወደ ሽማግሎች መሄዱን አልተወም፤ «ሽማግሌ» የሚለው ቃል ራሱ ሳይተረጐም በዕብራይስጥ ንግግር ውስጥ ገብቷል።

የቀድሞው ሥርዓት በሙሉ መልኩ የሚታየው ግን በዓመት አንድ ቀን፣ በሰግድ በዓል ነው። ከአስተስርዮ ጾም 50 ቀን ቈጥሮ የሚውለው ይህ በዓል በጐንደር አገር ሕዝቡ ጾሞ ተራራ የሚወጣበት፣ ቄሶች በጥላ ሥር ሆነው ኦሪትንና መጽሐፈ ነህምያን የሚያነቡበት፣ ከሰዓት በኋላም ወርደው ማዕድ የሚቈርሱበት ነበር። የእስራኤል ምክር ቤት በ2008 ብሔራዊ በዓል እንዲሆን ሕግ ስላወጣ፣ ዛሬ በኢየሩሳሌም ከተማውን ቍልቍል ከሚያሳየው ኰረብታ ላይ በየዓመቱ ይከበራል። በዚያ ቀን ግዕዙን የሚያውቅ ሽማግሌ ያነባል፤ ዕብራይስጥ የሚያውቀው ልጅ ዝም ብሎ ይሰማል።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ቁም ነገር ይህ ነው። መሎክሴውን ያስከበረው በአጥር መከበቡ አይደለም፤ በአጥሩ ውስጥ ሆኖ ለሕዝቡ የሚሠራው ሥራ ነው። የጉራጌውንም ሽማግሌ ያስከበረው በጀፎረው መካከል መቀመጡ ብቻ ሳይሆን፣ የሚፈርደው ነገር ወደ እርሱ መምጣቱ ነው። በአሁኑ ዘመን ከወልቂጤና ከቡታጅራም ወጣቶች ወደ ሩቅ አገር እየሄዱ ናቸው፤ ወላጆችን ማን ይጡራቸው የሚለው ጥያቄ በዚህም መነሣቱ አይቀርም። ለአረጋውያን ቤት ለመሥራት የሚያስብ ሁሉ፣ ስለ ጣራውና ስለ ምግቡ ከማሰቡ ጋር፣ በዚያ ቤት የሚኖረው አባት ማንን እንደሚያስታርቅና ማንን እንደሚያስተምር አስቀድሞ ሊጠይቅ ይገባዋል።