ሰናድር የማን ስም ነው?

የአባባ ዱላ አዲስ አበባ፣ ክፍሌ ጥግ ላይ ቆሟል። የወይራ ነው። ጫፉ የብረት ቀለበት አለው፤ ከመያዣው ዝቅ ብሎ ስማቸው በጋለ ብረት ተተኩሶበታል፣ ዙሪያውን ትንንሽ መስቀሎች አጅበውታል። ደብረ ታቦር ገበያ ይዘውት ሲወጡ የማን እንደሆነ የሚጠይቅ አልነበረም። ማን እንደሠራው ግን ዱላው አይናገርም። እኔ የምኖረው ኮድ ጽፌ ነው፤ በእኛ ሥራ እያንዳንዷን መስመር ማን፣ መቼ እንደጻፋት ይመዘገባል (አብዛኛውን ጊዜ ለመወቃቀስ ነው የምንጠቀምበት፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው)። ለዚህ ይሆናል ነገሩ የከነከነኝ።

ስምና ሥራ የተለያዩበትን ቦታ ለማየት ከደብረ ታቦር ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ጋፋት እዚያው ቅርብ ነው።

አፄ ቴዎድሮስ ስም ማውጣት ያውቁበት ነበር። ካሳ ተብለው ተወልደው በ1847 ዓ.ም. ሲነግሡ፣ ትንቢት የተነገረለትን ንጉሥ ስም ወሰዱ። በዚያው ዓመት ጥቁር ባሕር ዳር እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ቱርክ ሴባስቶፖል የተባለችውን የሩሲያ ወደብ ከብበው በመድፍ ይደበድቡ ነበር። ከ12 ዓመት በኋላ፣ በ1859፣ ጋፋት ላይ ወደ 7 ቶን የሚመዝን መድፍ ሲሠራ ንጉሡ በዚያች ከተማ ስም ጠሩት። ለወንጌል መጥተው መድፍ ቀላጭ የሆኑትን እነ ዋልድማየርን ታሪክ በስም ያውቃቸዋል። ከጎናቸው ወናፍ የነፉትን የአገሬን ልጆች ስም ግን በተማርኩበት የታሪክ መጽሐፍ ውስጥ አላገኘሁም።

በ1860 መጀመሪያ መድፉን ወደ መቅደላ መጎተት ተጀመረ። ገደሉን እየናዱ፣ መንገዱን እየጠረጉ፣ ስድስት ወር ገደማ። ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ ያነሱ ነበር ይባላል። ብዙ ጊዜ ጀግንነቱን ብቻ ነው የምናወራው፤ እኔ ግን ዳገቱን ሳየው ቀድሞ የሚታየኝ የጎታቾቹ ትከሻ ነው።

ሚያዝያ 3 ቀን፣ በስቅለት ዕለት፣ እሮጌ ላይ ጦርነት ሆነ። ከቴዎድሮስ ወገን ወደ 700 ሰው ሞተ፤ ከእንግሊዞቹ የቆሰሉት 20 ብቻ ነበሩ፣ ሁለቱ በኋላ ሞቱ። ልዩነቱን ያመጣው እግረኛው የያዘው አዲስ ጠመንጃ ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ጦርነት ላይ የዋለውም እዚያ ነው። የድሮው ጠመንጃ ባሩዱን በአፈ ሙዙ ሲጎርስ ይኼኛው ከኋላው ይጎርሳል፣ ቶሎ ቶሎ ይተኩሳል። የፈለሰፈው ጃኮብ ስናይደር የሚባል አሜሪካዊ ነበር። ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን ራሳቸውን አጠፉ፤ ሴባስቶፖልም እዚያው አምባው ላይ ቀረ።

እንግሊዞቹ ሲወጡ ጠመንጃው ቀረ፤ ስሙም አብሮ ቀረ። ሰናድር! ስናይደር ማለት ነው። ኋላ የመጣው ምንሽርም ማንሊኸር የተባለው ኦስትሪያዊ ነው። የፋብሪካ ሰው ስም አማርኛ ሆኖ ፉከራ ውስጥ ገባ። (ስናይደር ራሱ አልተጠቀመም፤ ሴባስቶፖል በተሠራበት በ1859 ዓ.ም.፣ ክፍያውን በወጉ ሳያገኝ በድህነት ሞተ።)

ታዲያ የእኛው ሠሪ ለምን ስም አጣ? መልሱ የተደበቀ አይደለም። ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው ጠይብ ነው፣ ጠይብ ደግሞ ቡዳ ነው ይባል ነበር። ማረሻውን ይገዙታል፣ ልጅ አይሰጡትም። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ እስከማውጣት ደርሰዋል። በሥራው ላይ ስሙን መጻፍ ለባለ እጁ ምን ይጨምርለታል? ስድቡን በገዛ እጁ መቅረጽ ነው። ደግሞ በስድብ ያገለልነውን ሰው በመቅደላ መድፍ ስንኮራ ትንሽ ማፈር ነበረብን።

አምና አገር ቤት ስገባ እናናን ጠየቅኋት።

«የአባባን ዱላ ማን ነው የሠራው?»

«የገበያው ጠይብ ነዋ!»

«ስሙ ማን ነበር?»

ዝም አለች። ቡናውን ቀዳችና፣ «ስምስ ይኖረዋል ልጄ» አለችኝ፣ «ማን ጠየቀው?»